ማኒፎልድ ተሸክሜ የሄድኩበት ቅዳሜ

ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ኋላ እንዳትገረሙ ነው። ባለቤቴ «አንተ መጀመሪያ ትናደዳለህ፣ ምክንያቱን ኋላ ትፈልጋለህ» ትለኛለች፤ ልክ ናት። አምቦ ላይ መኪና ስጠግን ስኖር ቁጣዬ መፍቻ አስወርውሮኛል፣ ከደንበኛ አኳርፎኛል፣ የገዛ ራዲዮዬን አስሰብሮኛል። አንድ ጊዜ ግን ጓደኛዬን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም ነበር። የምጽፈው የዚያን ጊዜውን ነው። ያኔ አስለቅሶኛል፤ ዛሬ ሳስበው ግን ብቻዬን ያስቀኛል።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ ሰባዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ክረምት ላይ። ጋራዤ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው በሚታጠፈው መንገድ ዳር ነበረች። ጋራዥ የምላት ለክብሯ ነው እንጂ አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ብረት የምይዝበት ሞርሳና አንድ በርሜል ነበረች። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ በያጁ ጓደኛዬ ይሠራል። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አሠሪ እጅ ሥራ የጀመርን ሰዎች ነን፤ እኔ ወደ ሞተሩ ሄድኩ፣ እሱ ወደ ብየዳው። ዘመዶቹ የካቺሲ ገበሬዎች ናቸው። ዝምተኛ ነው፤ እኔ ለሁለታችንም ስለምናገር ምንም አልጎደለብንም። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ግድግዳውን በመዶሻ ሁለቴ ይመታል። ያ ሰላምታው ነው። እኔም ሁለቴ እመልስለታለሁ፤ ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

በዚያ ክረምት አንድ ሐጂ መኪናቸውን አመጡልኝ። ሐጂ ገበያው ዳር ጨርቅና ሸቀጣሸቀጥ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከደቡብ መጥተው አምቦ ላይ የቀሩ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም በራሳቸው ዜማ የሚናገሩ፣ ሲበዛ ትዕግሥተኛ ሰው። መኪናቸው ሥራውን ጨርሶ ከተዘጋ ፕሮጀክት በጨረታ የወጣች፣ ረጅም፣ ባለ ናፍጣ መኪና ናት። ከአምቦ ወንጪ እየተመላለሰች ሰው ትጭናለች፣ ድንች ታወርዳለች። በከተማው ውስጥ ቱርቦ ያላት ትንሽ መኪና እሷ ብቻ ነበረች።

ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ጉልበት ተጠቅሞ፣ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ መልሶ በኃይል የሚነፋ፣ ቀንድ አውጣ የሚመስል ነገር ነው። ሲነፋ ያፏጫል። የወንጪ ሰው መኪናዋን ከማየቱ በፊት ፉጨቷን ሰምቶ ጆንያውን ወደ መንገድ ያወጣ ነበር። ያን የተነፋ አየር ተቀብሎ ለአራቱ ሲሊንደሮች የሚያካፍለው ደግሞ ማኒፎልድ ይባላል፤ ሳጥን ላይ አራት ጣት የተተከለበት አድርጋችሁ አስቡት። የሐጂ መኪና ማኒፎልድ አሉሚኒየም ነበርና ተሰነጠቀ። አየሩ በስንጥቁ ሲያመልጥ ፉጨቱም ጠፋ፣ ጉልበቱም ጠፋ። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ቆመች፤ ተሳፋሪውም ድንቹን ተሸክሞ በእግሩ ወረደ።

በዚያ ዘመን የፋብሪካውን ዕቃ ማግኘት ዘበት ነው። ሐጂ መርካቶ ወርደው አራት ቀን ከዞሩ በኋላ አንድ ሰው ከላሜራ ብረት በእጁ የሠራውን ማኒፎልድ ይዘው መጡ። እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልለውታል።

«ሰውዬው ለዚችው ሞተር ነው ብሎ ምሎልኛል» አሉ።

ሞተሩ ላይ ሳስጠጋው የብሎኑ ቀዳዳዎች በግማሽ ጣት ይዛነፋሉ። ቱርቦው የሚገጥምበት አፍ ደግሞ ወደ ባትሪው ዞሯል። ለማን እንደሠራው ፈጣሪ ይወቀው። እኔ መሬቱን ረግጬ መርካቶን በሙሉ ሰደብኩ። ሐጂ ስድቤን እስክጨርስ ጠበቁና፣ «ልጄ፣ ብረት አይደለም እንዴ? ብረት ይቆረጣል፣ ብረት ይቀጠላል» አሉኝ። ጓደኛዬ በግድግዳው ጠርዝ አንገቱን አስግጎ ዕቃውን አየውና «ይሆናል» በሚል ራሱን ነቀነቀ። የእሱ ራስ መነቅነቅ ከእኔ መሐላ ይበልጥ ይታመናል።

ሦስት ቀን በደስታ ሠራን። አራቱን ጣቶች ቆረጥናቸው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ወፍራም ብረት ወስደን፣ በመጋጠሚያው መሀል የሚገባውን የድሮውን ጓርኒሲዮን እንደ ልብስ ሰፊ ንድፍ ላዩ ላይ ዘርግተን፣ ቀዳዳዎቹን በትክክለኛ ቦታቸው በሳን። እኔ በሞረድ አስተካክላለሁ፣ እሱ ይበይዳል። አፉንም ቆርጦ ወደ ቱርቦው አዞረው። ሞተሩ ላይ ሳስቀምጠው እያንዳንዱ ብሎን በጣት ብቻ ገባ። ከደስታዬ የተነሳ ጎረቤታችን ጎሚስታው ሥራውን ትቶ መጥቶ እንዲያይ ጠራሁት።

መግጠሙ ብቻ ግን አይበቃም። በግፊት አየር የሚያልፍበት ዕቃ የመርፌ ቀዳዳ ታህል ብትኖርበት ጉልበቱ በዚያች ይወጣል። ስለዚህ በውሃ መፈተን አለበት፤ የራዲያተር ፍሳሽ የምንፈትነውም እንዲሁ ነው። አራቱን ጣቶች በጎማና በብረት ትደፍናለህ፣ አፉ ላይ የከመነዳሪ ቫልቭ ታስራለህ፣ ከጎሚስታው አየር ትሞላለህ፣ ከዚያ በርሜል ውስጥ ትነክረዋለህ። ቀዳዳ ካለ አረፋ ይወጣል። ከሌለ ዝም ይላል።

ችግሩ በርሜሉ ባዶ ነበር። የከተማው ቧንቧ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሁሉቃ ወንዝ ደግሞ በክረምት ጭቃ ነው፤ እንኳን አረፋ የነከርከው እጅህም አይታይ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ፣ «የቸገራችሁ ውሃ ነው? እኔ ንጹሑን አስመጣላችኋለሁ» አሉና ለአንድ ባለጋሪ ነገሩት። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቶ ጠበቀኝ። ከታች የበርሜሉ ዝገት ሳይቀር ይታያል። ፊቴን ታጠብኩበት፣ አንድ ቆርቆሮ ቀድቼም ጠጣሁ። ጥሩ ውሃ ነው፤ ባለጋሪውን መረቅሁት።

ማኒፎልዱን ነከርነው። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ በእያንዳንዱ የብየዳ መስመር ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ አረፋዎች ተሰልፈው ታዩ። እያበጡ ይነቀላሉ፣ ሌሎች ይተካሉ። ለስላሳው ላሜራ ላይ አንድም የለም፤ ብየዳው ላይ ብቻ ነው።

ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። «እንዲህ አድርጌ አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«ኤሌክትሮዱ እርጥበት ይዞ ይሆናል» አልኩት። ያን ጊዜ ገና ደግ ነበርኩ።

አውጥቶ በላዩ ላይ ደግሞ በየደው። ውሃው ዝገትና ዘይት ስለያዘ ባለጋሪው ሌላ እንዲያመጣ ነገርኩት፤ አመጣ። ነከርነው፤ አረፋ። በሦስተኛው ቀን ብየዳውን በሙሉ በሞረድ አንስቶ እንደ አዲስ ሠራው። አዲስ ውሃ፤ አረፋ። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ስለነበር ሥራ አልገባንም። ሰኞ ጠዋት በቅዳሜው ውሃ ስንነክረው አንድም አረፋ አልወጣም! ጓደኛዬን አቅፌ ከመሬት አነሳሁት። ሐጂም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ከተቀመጡበት ተነሱ። እኔ ግን እዚያ ላይ አላቆምኩም። «ውሃው ደፍርሷል፤ በንጹሕ ውሃ አንድ ጊዜ እንየውና እንግጠመው» አልኩ። ጥንቃቄ መሆኑ ነው። ከሰዓት በኋላ ባለጋሪው አዲስ ውሃ አመጣ። ነከርነው። አረፋው ከፊተኛው ብሶ መጣ።

በዚህ ጊዜ ፈነዳሁ።

«ብየዳህ ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት የሚፈርስ ነው እንዴ? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው?» አልኩት። ሐጂ አሉ፣ ጎሚስታው አለ፣ መኪናዋ ተሠርታ እንደሆነ ሊጠይቁ የመጡ የወንጪ ሰዎች አሉ። ሳቅ ሰማሁና ይባስ አቀጣጠለኝ። «ዓይንህ ጠፍቷል፤ በቃ! ዓይንህ ካላየ ጭምብልህን ስቀል፤ የሰው ንብረት አታበላሽ!»

ይመልስልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሰድበኝ፣ መዶሻ ቢያነሳብኝ ደግ ነበር። እሱ ግን ጓንቱን አወለቀና ሞርሳው ላይ አስቀመጠ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ በቀስታ።

ጭምብሉን በብብቱ ይዞ ወጣ። ሐጂ እኔን አይተው ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉና እሳቸውም ሄዱ።

ያችን «ጠርጥሬ ነበር» ያስረዳችኝ ባለቤቴ ናት። በማግስቱ ከእሱ ሚስት ጋር ወፍጮ ቤት ተገናኝተው ኖሯል። ጓደኛዬ ከጥቂት ወራት ወዲህ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ተቀምጦ መርፌና ክር ይዞ ይታገላል አሉ። ክሩ ከመርፌው ቀዳዳ አልገባ እያለ ያስቸግረዋል። በያጅ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ይህን ነው፤ ለዓመታት ያን የብየዳ ብርሃን ሲያዩ የኖሩ ዓይኖች አንድ ቀን ሊከዱ ይችላሉ። ለማንም አልተናገረም፤ ለእኔም። እኔ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ጮኼ ነገርኩት። አሁን የብየዳ ማሽኑን የጉደር ሰው አይቶለታል፣ ሲሸጠው ካቺሲ ገብቶ ሊያርስ ነው አለችኝ። ወሬውም ከተማውን ዞሯል። የበር ብየዳ የነበራቸው ሁለት ሰዎች «የገዛ ጓደኛው ዓይኑ ጠፍቷል አለ እኮ» ብለው ሥራቸውን ወደ ሌላ ወስደዋል።

ይህን ሰምቼ ወዲያው ሮጬ ሄድኩ ልላችሁ ብችል ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። አዝኜ ነበር፤ ግን አረፋውን በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይኑ ደህና ቢሆን አረፋው ከየት መጣ? ላጽናናው የምችልበት ውሸት አልነበረኝም። ጠዋት ጠዋት ግን ግድግዳውን የሚመታ አልነበረም። አንድ ቀን እጄ ሳያስበው መዶሻ አንስቶ ሁለቴ መታ። ማንም አልመለሰም።

ያን ቀን እልህ ያዘኝና ራሴ ልበይደው ተነሳሁ። የሱቁ ቁልፍ እንደድሮው እኔ ጋ ነው። ጭምብሉን ግን ወስዶታል፤ ስለዚህ የፀሐይ መነጽሬን አደረግሁ። ተማሩ፤ በፀሐይ መነጽር አይበየድም። አፉ ከሳጥኑ የሚገናኝበትን መስመር ብቻ እንደምንም ደረብኩበት። በማግስቱ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተሞላ መሰለኝ፤ ባለቤቴ የወንጪ ድንች በስሱ እየቆረጠች ሽፋሽፍቴ ላይ ስትለጥፍልኝ ዋለች። እየለጠፈች፣ «እሱ ይሄን ያህል ዓመት እንዲህ ነው የኖረው» አለችኝ። ድንች ዓይኑ ላይ የተለጠፈበት ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ቅዳሜ ዓይኔ ሲከፈት ወደ ጋራዥ ሄድኩ። ባለጋሪው እንደልማዱ አዲስ ውሃ ሞልቶልኛል። ማኒፎልዱን ነክሬ ተቀመጥኩ። አረፋው በሁሉም መስመር ላይ ነው፤ በእሱም፣ በእኔም። ተስፋ ቆርጬ አገጬን በእጄ ይዤ ስመለከት ሳለሁ አንድ ቀይ በሬ በትከሻዬ በኩል አልፎ ራሱን በርሜሉ ውስጥ ቀበረ።

የገበያ ቀን ነው፤ ከብት በደጄ ያልፋል። በሬው ግን ውሃ ጠምቶት የሚጠጣ አይመስልም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጅራቱን እየወዘወዘ ይምጋል። ብገፋው አይገፋም። ባለቤቱ፣ ሸምገል ያሉ ገበሬ፣ ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«አባኮ፣ በሬዎን ይያዙልኝ እንጂ! ዕቃ ይሰብርብኛል!» አልኳቸው።

ገበሬው በሬያቸውን ጎተቱት፤ እንቢ አለ። ግራ ገብቷቸው በመዳፋቸው ከውሃው ቀድተው ቀመሱ። ከዚያ ሳቁ።

«ኩን ሆራ ዳ! ሆራ እኮ ነው ልጄ። ሆራ የሸተተው በሬ በምን ይመለሳል? እናንተ ደግሞ ለመኪናም ሆራ ታጠጣላችሁ እንዴ?»

ሆራ የምንለው ከመሬት እየፈላ የሚወጣውን የአገራችንን ውሃ ነው፤ ጨው ጨው የሚለውን፣ በራሱ አረፋ የሚሠራውን። ከብት ለእሱ ሲል ከሩቅ ይነዳል። ሰውም ይጠጣዋል። እንግዳ ሰው ሲጠጣው ጋዙ አፍንጫው ገብቶ ያስለዋል። እኔ ግን በእናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ጀምሮ የጠጣሁት ነው። ያንን በርሜል ሳምንት ሙሉ ታጥቤበታለሁ፣ ጠጥቼዋለሁ፣ አንድም ቀን የተለየ ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም። ከሌላ አገር የመጣ መካኒክ ቢሆን በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመሥራት አምቦ መወለድ ያስፈልጋል።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። አረፋው ከማኒፎልዱ ውስጥ የሚወጣ አልነበረም፤ ከራሱ ከውሃው ነው። ብየዳ ሻካራ ስለሆነ አረፋ ይይዛል፣ ለስላሳው ላሜራ አይይዝም። የሰኞ ጠዋቱ ውሃ አድሮ ጋዙ ስለወጣለት ነው ዝም ያለው። ባለጋሪውን ጠርቼ ከየት እንደሚቀዳ ጠየቅሁት። «ሐጂ ንጹሕ ውሃ አምጣ አሉኝ፤ በክረምት ከፍል ውሃው የበለጠ ንጹሕ የት አለ?» አለኝ ቅር ብሎት። እውነቱን ነው። ሰውየው ለክብራችን ብሎ ነው ከሩቅ የሚያመጣልን።

በርሜሉን ለበሬው ደፋሁለት። ከሁሉቃ ድፍርሱን አስመጣሁና ማኒፎልዱን ነከርኩ። በጭቃው ውስጥ ዕቃው አይታይም፤ አረፋ ካለ ግን ላዩ ላይ መፈንዳቱ አይቀርም። ጠበቅሁ። ገበሬውም በዱላቸው ተደግፈው አብረውኝ ይጠብቃሉ። በአንድ በኩል፣ በአንድ ቦታ ብቻ፣ ውሃው ብልቅ፣ ብልቅ አለ። እጄን ሰድጄ በጣቴ ፈለግሁት። አፉ ከሳጥኑ የሚገናኝበት ነው። እኔ በፀሐይ መነጽር የበየድኩት።

እሱ የሠራው ሁሉ ዝም ብሏል።

ቤቴ ሄጄ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሲመሽ ብቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አልኳት።

«ስትሰድበው ሲመሽ ነበር?» አለችኝ። «በገበያው ፊት ሰድበህ ይቅርታውን በጓሮ ልታስገባ ነው? እንደ ወግህ ሂድ እንጂ።»

ወጉ የታወቀ ነው። የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ አውርድ ካላለው አያወርድም። እኔ ድንጋይ አልፈለግሁም። ማኒፎልዱን ከነጭቃው አንስቼ ማጅራቴ ላይ ጫንኩና በቅዳሜ ገበያ መሀል መንገድ ጀመርኩ። የሻንሲው ብረት ከባድ ነው፤ አራቱ ጣቶች ወደ ሰማይ ቆመዋል። ከድንች ሻጮቹ አንዷ «ማል ታኤ?» ብላ ጮኸች፤ ምን ሆነ ማለቷ ነው። «በድያለሁ!» አልኳት ሳልቆም። ጎሚስታው ተከተለኝ። ሐጂ ከሱቃቸው ወጥተው መኪናቸው ምን እንደደረሰባት ሊያጣሩ ተከተሉኝ። የበሬው ባለቤት በሬያቸውን እየጎተቱ ተከተሉን፤ ምስክር ነኝ ማለታቸው ነው።

ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ፣ ዓርብ ከሱቁ ያስወጣውን የብየዳ ማሽን በጆንያ እየጠቀለለ ነበር። ጭምብሉ አጥሩ ሥር ተገልብጦ ወድቋል፤ በውስጡ ዶሮ ገለባ አነጥፋ ተኝታበታለች። ቀና ብሎ እኔን፣ ከኋላዬም ሕዝቡንና በሬውን አየ።

ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኩት። ውሃውን፣ በሬውን፣ ሰኞን፣ የፀሐይ መነጽሩን፣ ድንቹን። «በዓይንህ ሳይሆን በእኔ ድንቁርና ነው፤ ይቅር በለኝ» አልኩት።

ዝምተኛነቱን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም። በመጨረሻ ማሽኑን ለቅቆ አንድ እርምጃ ቀረበ። ስለ ይቅርታው አልጠየቀኝም፤ ስለ ስድቡም አላነሳም።

«እንግዲህ ዓይኔ ደህና ነው ማለት ነው?» አለኝ።

እዚያ ላይ አለቀስኩ። ሳምንቱን ሙሉ የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር። ለካ አምኖኝ ኖሯል። ከራሱ ዓይን ይልቅ የእኔን አፍ አምኖ ነው ዕቃውን የጠቀለለው።

እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ አንስቶ ማጅራቴ ላይ ወዳለው ብረት እያየ ነበር። በመካከላችን ከአምስት እርምጃ በላይ አለ። «ቀዳዳዋ በግራ በኩል ናት» አለ፤ «ከአፉ ሥር። እንደ ፍየል በጠጥ ያንጠባጠብከው ቦታ ላይ።» ጎሚስታው ሳቁን ለቀቀው። ሐጂ መጥተው አዩና «ወላሂ፣ እዚያው ናት!» አሉ። ከዚያ ጓደኛዬ መጥቶ ብረቱን በሁለት እጁ ከማጅራቴ አነሳልኝ። ዶሮዋን በእርጋታ ገፋ አድርጎ ጭምብሉን ወሰደ፤ ከውስጡ አንድ እንቁላል አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

የመርፌው ነገር ሐጂ ሱቅ ውስጥ አለቀ። ሐጂ የማንበቢያ መነጽር ከመደርደሪያቸው አውርደው ሰጡት፤ አድርጎት ክሩን በአንድ ጊዜ አስገባው። የአርባ ዓመት ዕድሜ ነገር ነው እንጂ የብርሃኑ አልነበረም። እኔም ከዓመት በኋላ እንደሱ ያለ መነጽር ገዝቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት ግድግዳው ሁለቴ ተመታ። እኔ አራት ጊዜ መለስኩ።

ቀዳዳዋን ደፈነ፣ በሁሉቃ ውሃ ፈተንነው፣ ገጠምነው። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ደፍራ፣ ፉጨቷ መጣ። ዝናቡ ባባራበት ቀን እሱን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ሐጂን ከኋላ ጭነን፣ ወንጪ ድረስ ልንፈትናት ወጣን። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ያለ ጥቁር ጭስ በላችው። ሰዎች ፉጨቱን ሰምተው ጆንያቸውን እየጎተቱ ወደ መንገድ ሲወጡ ሐጂ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው እንደ ሙሽራ ያውለበልቡ ነበር። ጓደኛዬ ዝምታውን ረስቶ መንገዱን ሙሉ የሚያየውን ይቆጥርልኛል። ያ ፈረስ አንድ ጆሮው ነጭ ነው፤ ያቺ ሴትዮ የያዘችው ጎመን ነው፤ እዚያ ማዶ አጥር ላይ የተሰጣው የልጅ ሸሚዝ ነው። ሆን ብሎ ነው። እኔም የሚገባኝን እየተቀበልኩ ዝም ብዬ እነዳለሁ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ሐይቁ ከታች ታየ። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድን። እሱ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቁልቁል ሲያይ ቆየ።

«ያቺ ጀልባ ላይ ስንት ሰው አለ?» አለኝ።

እኔ ጀልባዋ ራሷ አልታየችኝም። «አንተ ንገረኝ» አልኩት።

«ሦስት» አለ። «አንዱ ቆሟል።»

ፊቱን አየሁት። ይቀልድብኝ ይሁን የምሩን ይሁን ማወቅ አልቻልኩም፤ አልጠየቅሁትም። እሱ ካለ ሦስት ነበሩ። አንዱ ቆሞ ነበር።